ምን አደረጉሽ?

ሊፍቱ ለእትዬ እጅጋየሁ መምጣት ያቆመው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አስራ አንደኛው ፎቅ ላይ ቆመው ቁልፉን ተጫኑ፣ ጠበቁ፣ ደግመው ተጫኑ። ሊፍቱ ከላይ መጣ፣ በፊታቸው አለፈ፣ ምድር ቤት ወርዶ ቆመ። ከኋላቸው ልጇን አቅፋ ትጠብቅ የነበረችው ትርንጎ ዕቃ የረሳች መስላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሩ ውስጥ ቆማ የእትዬ እጅጋየሁ ኮቴ ወደ ደረጃው ሲሄድ አዳመጠች። ኮቴው ሲጠፋ ወጥታ ቁልፉን ተጫነች። ሊፍቱ ወዲያው መጣላት።

በአብሮነት ሕንጻ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ማንም ምንም አይልም። ሰው ሰውን መክሰስ፣ አቤት ማለት፣ ጎረቤት ላይ መጮህ የቀረው ደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ ተዘርግታ ረጃጅሞቹ ሕንጻዎች ሲቆሙ ነው። አሁን ያለው ዘብ ነው። ዘብ ሰው አይደለም። በየበሩ፣ በየሊፍቱ፣ በየነዋሪው እጅ ላይ በታሰረው አምባር ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ሥራውም ልብ ማዳመጥ ነው፤ ልብ ሲደነግጥ አምባሩ ይነዝራል። የአንድ ነዋሪ ልብ አንድን ሰው ባየ ቁጥር የሚደነግጥ ከሆነ ዘብ ያንን ሰው ይመዘግባል። የሚደነግጡት ልቦች ሲበዙ በር መዝጋት ይጀምራል። መጀመሪያ ሊፍቱ ይቀራል፣ ቀጥሎ የጎረቤት ደጅ፣ ከዚያ ገበያውና ክሊኒኩ፣ በመጨረሻም የገዛ ቤት። ጨዋ ነው እንግዲህ፤ ሁሉንም አንቱ ይላል።

ሰዉም ለምዶታል። ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት በሩ ሥር ቆሞ ረጅም ትንፋሽ ይስባል፣ ያወጣል፣ ከዚያ ይከፍታል። ባል ሚስቱን ከኋላዋ መጥቶ ማቀፍ ትቷል። ሕጻናት ማቆያው ውስጥ ድብብቆሽ ክልክል ነው። አምና ስቅታ የያዛቸው አንድ የሰባተኛ ፎቅ አዛውንት ሳያውቁት የማድቤቱን በር በሚስታቸው ላይ አዘግተው፣ ሴትዮዋ ድስታቸው ውስጥ እያረረ ከውጭ ቆመው ሲራገሙ ዋሉ። ሕንጻው በሙሉ በዚህ ሳቀ። በሌሎቹ በሮች ግን አይሳቅም።

ሕጉ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው። ፍርሃት መብት ነው፤ የፈራ ሰው ይጠበቃል፣ የተፈራው ይወጣል። ጭፍን ጥላቻ ወንጀል ነው፤ የጠላ ሰው ከነቤተሰቡ ይወጣል። የሚወጣ ሰው የሚሄደው ሜዳው ወደሚባለው የድንኳን ሰፈር ነው፤ ሌላ የሚከፈትለት በር በከተማው የለም። ችግሩ ልብ ሲመታ ያው ምት መሆኑ ነው፤ ዘብ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ የመጨረሻው በር ከመዘጋቱ በፊት ከፈሩት ሰዎች አንዱ በነዋሪዎች ሸንጎ ፊት ቀርቦ በአፉ እንዲናገር ይደረጋል። ፍርሃት ነው ወይስ ጥላቻ? ሕንጻው ከቆመ ጀምሮ ጥላቻ ነው ያለ ሰው አልተገኘም። አብሮነት ሕንጻ የፈሪ እንጂ የክፉ ሰው መኖሪያ ሆኖ አያውቅም።

እትዬ እጅጋየሁ ስድሳን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሴራሚክ ፋብሪካ ውስጥ የእቶን ተቆጣጣሪ ሆነው የሚሠሩ ሴት ናቸው። ሕንጻው ውስጥ የገቡ ሰሞን በእድር ስብሰባ ላይ አንዱ የተሰነጠቀ ማሰሮ አንስቶ እንዲህ ያለውን ዛሬ ማን ይሠራዋል ሲል፣ «አያቴ ትሠራው ነበር፤ የኛ ቤት እኮ ሸክላ ሠሪ ነው» አሉ። በኩራት ነው ያሉት። እዚህም እዚያም አምባር ነዘረ። ከሸክላ ሠሪ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ማንም አልተናገረውም። ቡዳ የሚለው ቃል የተከለከለው ትርንጎ ሳትወለድ ነው። ቃሉ ቀረ እንጂ ሰው ምግቡን ከዓይን መሸፈን አልተወም።

እትዬ እጅጋየሁም ይህን ያውቁታል። ሰው ሲበላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ የፋብሪካው ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሳህን ሲቀርብ የእሳቸው ጀርባ ነው የሚታየው። ዙሩ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ከእናታቸው ያዩት ነው፤ እናታቸውም ከእናታቸው።

አንድ ቀን ግን ረሱ። ትርንጎ በሯን ከፍታ የሁለት ዓመት ልጇን ርብቃን ገንፎ ታበላ ነበር። ልጅቷ አፏ እንደሞላ በኮሪደሩ የሚያልፉትን እትዬ እጅጋየሁን አይታ ከት ብላ ሳቀች። እሳቸውም ቆሙ።

«ውይ! እንዴት አባቷ ታምራለች! ደስ ሲል አበላሏ!»

ቱፍ አላሉም። እግዜር ያሳድጋት አላሉም። ወዲያው ደንግጠው ፊታቸውን አዞሩና አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። የተባለው ግን ተብሏል።

ማታውን ርብቃን አስመለሳት፣ አተኮሳት። የትርንጎ እናት በስልክ መጀመሪያ የጠየቁት ምን በላች ሳይሆን ስትበላ ማን አያት የሚለውን ነው። ትርንጎ ማንም አለች። ትርንጎ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጀርም በማጉሊያ ስታይ የምትውል፣ በሽታ በዓይን እንደማይተላለፍ ጠንቅቃ የምታውቅ ሰው ናት። ማንም ስትል ግን የልጅቷን ፊት በነጠላዋ እየሸፈነች ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ጣሪያው ላይ ያለው የውኃ ታንከር መበከሉን፣ በየፎቁ ብዙ ሕጻናት መታመማቸውን የሚገልጽ ማስታወቂያ ወጣ። ትርንጎ ደጋግማ አነበበችው፣ አመነችውም። ልቧ ግን ማስታወቂያ አያነብም። ከዚያ ወዲህ እትዬ እጅጋየሁን በኮሪደሩ ባየች ቁጥር ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ድም ይላል፤ ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ እንዲያውም ጎንበስ ብላ እንዴት አደሩ እያለች። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣትም። አምባሯ ነው ሁሉን የተናገረው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ዘብ አነጋገራት።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ስለ ፍርሃትዎ ከልብ እናዝናለን። ነገ ጠዋት በነዋሪዎች ሸንጎ ተገኝተው አንድ ቃል እንዲሰጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። ሻይና ብስኩት ይኖራል።»

ሰመራ የሚሠራው ባሏ አዱኛ ይህን በስልክ ሲሰማ ብዙም አልተጨነቀ። «ፍርሃት ነው በያቸውና ነይ» አላት። «ልጅ አለን፣ ትርንጎ። አንዲት ቃል ናት።»

ስልኩን እንደዘጋች በሩ ተንኳኳ። ዘብ በሩን አስቀድሞ ቆልፎት ነበር።

«ትርንጎ፣ አለሽ?» የእትዬ እጅጋየሁ ድምፅ ነው።

«አለሁ፣ እትዬ።»

«ክፈቺ ልልሽ አይደለም፤ እንደማይከፈት አውቃለሁ። ነገ የምትቀርቢው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ምን አደረግሁሽ?»

ትርንጎ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። ብረቱ ይቀዘቅዛል። እጇ ላይ አምባሩ ሲነዝር ይሰማታል።

«ልጣላሽ አይደለም እኮ ልጄ። አጥፍቼ ከሆነ ልወቀው ብዬ ነው። ሰው ያጠፋውን ሳያውቅ ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል?»

«ምንም አላደረጉኝም» አለች ትርንጎ።

«እና?»

«እፈራለሁ፣ እትዬ። ልተወው ብል አይተወኝም።»

ከውጭ የሴትዮዋ ትንፋሽ ይሰማል።

«እኔም እፈራሻለሁ» አሉ። «አሁን ደጅሽ ላይ የቆምኩት ግድግዳውን ይዤ ነው። ክሊኒኩ ዛሬ አልከፈት አለኝ፤ የግፊት መድኃኒቴ አልቋል። ነገ አንቺ አንድ ቃል ትናገሪና እኔ ሜዳ እወድቃለሁ፤ በዚህ ብርድ። እኔ የምፈራውን ጠይቂኝና አንድ በአንድ ልንገርሽ። አንቺ ግን ምንድን ነው የምትፈሪው? ስሙን ንገሪኝ።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። ስሙ ምላሷ ላይ ነበር፤ የተከለከለው ቃል። ቢከለከልም ባይከለከልም ለሴትዮዋ በአፏ ልትነግራቸው አፈረች።

«ዘብ የእኔንስ ልብ አይሰማም?» አለች በመጨረሻ፣ የምትለው ጠፍቷት። «ማለቴ የእርስዎን። እርስዎም እንደሚፈሩን?»

«ይሰማል እንጂ። ሁሉን የሚፈራ ሰው ጥፋት ያለበት ነው ብሎ ነው አሉ የሚይዘው።» እትዬ እጅጋየሁ ሳቅ የመሰለ ነገር አሰሙ። «በይ ደህና ዋይ። ልጅቷን ሳሚልኝ… አይ፣ ተይው፤ አትሳሚልኝ።»

ኮቴያቸው ራቀ። ዘብ በሩን ከፈተውና ለትዕግሥቷ አመሰገናት። ትርንጎ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ለማን እንደራራች ለራሷም አልገባትም፣ ለእሳቸው ይሁን ለልጇ።

ሐሙስ ጠዋት ርብቃን ምድር ቤት ያለው ሕጻናት ማቆያ አስረክባ ወደ አዳራሹ ገባች። የልጅቷን የምሳ ዕቃ ማስረከብ ረስታ ይዛው ነው የገባችው። የሸንጎው ሰብሳቢ አቶ ምትኩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ሰውን ሁሉ ተማሪ አድርገው የሚያዩ፣ ግን ክፋት የሌለባቸው። ከየፎቁ የመጡ ነዋሪዎች ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ሻይ ቀርቧል፣ ብስኩት ቀርቧል። እትዬ እጅጋየሁ ሲገቡ ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ አመለወርቅ የብስኩቱን ሳህን በሶፍት ሸፈን አደረጉት። ማንንም ለማስቀየም አስበው አይደለም፤ እጃቸው ነው ያደረገው። እትዬ እጅጋየሁም ሳህኑን አይተው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። በገዛ ራሳቸው ጉዳይ ላይ ግድግዳ እያዩ ሊሰሙ ነው። ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልሆነም።

«ጊዜ አንፈጅም» አሉ አቶ ምትኩ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ልብዎ በወይዘሮ እጅጋየሁ ላይ ሲደነግጥ ቆይቷል። ፍርሃት ነው ወይስ ጭፍን ጥላቻ?»

ትርንጎ ቆመች። በዚያ ቅጽበት የሚታያት የርብቃ ፊት ነበር፤ ማቆያው ውስጥ ጫማዋን አውልቃ የምትሮጠው። አንድ ቃል ብትል ከሰዓት በፊት ሥራዋ ላይ ትሆናለች። ሌላውን ብትል የምታውቀው በር ሁሉ ይዘጋል፤ በልጅቷም ላይ ጭምር።

«መጀመሪያ ልጠይቅ» አለች።

«መጠየቅ የለም፤ መልስ ነው እንጂ።»

«እርስዎን አይደለም።» ወደ ረድፉ ዞረች። «ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ምን አደረጉዎት?»

«ማን?»

«እትዬ እጅጋየሁ። ምን አደረጉዎት?»

ወይዘሮ አመለወርቅ ሳህኑ ላይ ያለውን ሶፍት አስተካከሉ። «እኔ እንጃ። ልቤ ነው እንጂ እኔ ምን አልኩ?» አሉ። አምባራቸው ነዘረ። ከጎናቸው ያለውም ነዘረ።

አቶ ምትኩ ከወንበራቸው ተነሡ። አንቱታውን ረስተውታል። «ትርንጎ፣ እህቴ፣ ነገሩን አታወሳስቢው። ፍርሃት ማለትሽ ነው አይደል? ፍርሃት በይና ወደ ልጅሽ ሂጂ።»

«ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኛል» አለች ትርንጎ። «እስከ ዛሬ ውሻ ሳይ ልቤ ይመታል። እሱ ፍርሃት ነው፤ ጠባሳው አለ፣ ላሳያችሁ እችላለሁ። እሳቸው ያደረጉኝ ነገር የለም። ልጄን የጎዳት ውኃው ነው፤ አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር። ገና ሳያቸው፣ አያታቸው ማሰሮ ትሠራ ነበር ሲሉ በሰማሁ ቀን ነው የፈረድኩባቸው። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ለፍርዴ ማስረጃ አደረግሁት። ፍርሃት አይደለም። ጭፍን ጥላቻ ነው።»

ከዚያ አምባሮቹ ተራ በተራ ይነዝሩ ጀመር፣ ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ። የትርንጎ ልብ ጥላቻ ከተባለ የእነሱም ይጠየቃል። ሁሉም ይህን ባንዴ ነው የተረዱት። ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር።

«ቃልዎን ተቀብለናል፣ ወይዘሮ ትርንጎ» አለ ዘብ ከጣሪያው። «ከእንግዲህ የእርስዎ ልብ አይቆጠርም። እርስዎና ቤተሰብዎ እስከ ቅዳሜ ድረስ ቤቱን እንዲያስረክቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። የወይዘሮ እጅጋየሁ ጉዳይ ለጊዜው ተዘግቷል።» ትንሽ ቆየና ቀጠለ። «በአዳራሹ ከፍተኛ ፍርሃት ይሰማል። ፍርሃቱ የተነሣባቸው ነዋሪ ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። እባክዎ ለሌሎች ደኅንነት ይውጡ።»

ይህኛው እንኳ እውነተኛ ፍርሃት ነበር፤ ምክንያት ነበረው። ወይዘሮ አመለወርቅ እግራቸውን ሰብስበው አሳለፏት። አቶ ምትኩ ሻያቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። እትዬ እጅጋየሁ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው ነበር፤ ብስኩቱ እዚያው እያለ።

የማቆያው በር አልከፈት አላት። መስኮቱን አንኳኳች። ሞግዚቷ ጠዋት ስለ ርብቃ አዲስ ጥርስ ስታወራት የነበረች ልጅ ናት። አሁን መስኮቱን በጥቂቱ ከፍታ፣ ዓይን ዓይኗን ሳታይ፣ ርብቃን በመስኮቱ አሳልፋ ሰጠቻትና ዘጋችው። ጫማዋን አላቀበለቻትም። ትርንጎ ልትጠይቃት አስባ ተወችው። የልጅቷን እግር በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ሊፍቱ ጋ እትዬ እጅጋየሁ ቆመው ነበር። በሩ ተከፍቶላቸዋል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ እጅጋየሁ» አለ ዘብ። «ስለ መጉላላትዎ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

እሳቸው ባዶውን ሊፍት አዩት፣ ትርንጎን አዩ። የሊፍቱ በር ትንሽ ጠብቆ ተዘጋ። ወደ ደረጃው በር ሄደው ገፍተው ያዙላት። ትርንጎ ከነልጇ ገባች። ደረጃው ላይ መብራቱ ለእሷ አይበራም፤ ለእሳቸው ግን ይበራል። ስለዚህ ከፊት እሳቸው፣ ከኋላ እሷ ሆነው ወጡ።

አራተኛው ፎቅ ላይ የእትዬ እጅጋየሁ ትንፋሽ አጠረ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ትርንጎም ከጎናቸው ተቀመጠች። መጀመሪያ የተናገረችው ርብቃ ናት።

«እማ፣ ራበኝ።»

ትርንጎ ሳታውቀው ስትሸከመው የቆየችውን የምሳ ዕቃ አየችው። ገንፎው ቀዝቅዟል። ክዳኑ ቀጭ ብሎ ሲከፈት እትዬ እጅጋየሁ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«በልታ ስትጨርስ ንገሪኝ» አሉ።

ትርንጎ ጀርባቸውን አየችው። የሹራባቸው አንገት ላይ የእቶን አመድ አለ። ያንን ቃል ከተናገረች በኋላ ልቧ የሚተዋት መስሏት ነበር። አልተዋትም። አሁንም ደረቷ ውስጥ ድም ድም ይላል፤ ማስታወቂያውን እንዳላነበበ፣ አዳራሹ ውስጥ እንዳልነበረ። እናቷ በስልክ የጠየቋት ጥያቄ ጆሮዋ ላይ አለ።

«እትዬ፣ ዞር ይበሉ» አለች።

«ትብላ ልጄ፣ እኔ ለምጃለሁ።»

«እጄ ዝሏል። እርስዎ ያብሉልኝ።»

እትዬ እጅጋየሁ ቀስ ብለው ዞሩ። መጀመሪያ ወለሉን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ትርንጎን አዩ፤ ትቀልድ እንደሆን፣ ታዝንላቸው እንደሆን። ከዚያ ልጅቷን። ርብቃ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

አምባሩ በኃይል ነዘረ። ትርንጎ ማንኪያውን ሰጠቻቸው።